ሙገሳም ክስም ጥያቄ አይደለም

«በቅድሚያ ጥሪያችንን አክብረው ስለመጡ በአድማጮቻችን ስም ከልብ እናመሰግናለን። እስቲ ራስዎን ያስተዋውቁልን።» በሬዲዮም፣ በቴሌቪዥንም፣ በዩቲዩብም የሚቀርብ የአማርኛ ቃለ መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው እንዲህ ነው። አዘጋጉም ይታወቃል። «በመጨረሻ ያላነሳነው፣ ማስተላለፍ የሚፈልጉት መልእክት ካለ ዕድሉን ልስጥዎት» ይባልና እንግዳው ፈጣሪውን፣ ቤተሰቡን፣ ጓደኞቹንና ጣቢያውን አመስግኖ ይሰናበታል። በመካከል ባለው ሰዓት ጠያቂው ስለ እንግዳው ትጋት፣ ትሕትናና አገር ወዳድነት ያወራል፤ እንግዳው ደግሞ «ልክ ነህ፣ እውነት ነው» እያለ ያጸናለታል። አድማጩ የሰማው የእንግዳውን ታሪክ ሳይሆን ጠያቂው ስለ እንግዳው ያለውን አድናቆት ነው።

የዚህ ተቃራኒ የሚመስል ሌላ ዓይነት ጠያቂም አለ፤ አፋጣጩ። የሚለጠፈው ምስል ላይ «ባለሥልጣኑን አፋጠጠው» የሚል ርዕስ በትልቁ ይጻፍበታል። ጠያቂው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሕዝቡን አልበደላችሁም ወይ?» ይላል። ባለሥልጣኑ «በፍጹም» ይላል። ጠያቂው ይደግማል፤ ባለሥልጣኑም ይደግማል። ተመልካቹ «ጎበዝ፣ ልኩን ነገረው!» ብሎ ይረካል። በማግስቱ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አወቅህ?» ብትሉት ግን የሚመልሰው የለውም።

ሁለቱ ጠያቂዎች በጠባይ ይለያዩ እንጂ ጥፋታቸው አንድ ነው። ሁለቱም መልሱን ከቤታቸው ይዘው ይመጣሉ። አንዱ እንግዳው ጥሩ ሰው መሆኑን፣ ሌላው መጥፎ ሰው መሆኑን አስቀድሞ ወስኗል፤ የቀረው ይህንኑ ማስጨብጨብ ብቻ ነው። ቃለ መጠይቅ ግን ሥራው ሌላ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀውን፣ ያየውን ወይም የወሰነውን ነገር ከራሱ አንደበት ለሕዝብ ማውጣት ነው። ለዚህ ደግሞ ድፍረት ብቻውን አይበቃም። ዝግጅት፣ አጭር ጥያቄና የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል።

ከወንበሩ በፊት ያለው ሥራ

እንግሊዛዊው ዴቪድ ፍሮስት እ.ኤ.አ. በ1977 ከሥልጣን የለቀቁትን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰንን ለመጠየቅ ሲነሳ ብዙ የሙያው ሰዎች አልተማመኑበትም ነበር። ፍሮስት የሚታወቀው ይበልጥ በመዝናኛ ፕሮግራሞች ነው። ለኒክሰን 600 ሺሕ ዶላርና ከትርፉም ድርሻ ለመክፈል መስማማቱ ደግሞ ሌላ ትችት አስከትሎበታል። ኒክሰን በሕግ ሙያ የሠለጠኑ፣ በንግግር የተፈተኑ ፖለቲከኛ ናቸው። ተተኪያቸው ጄራልድ ፎርድ ይቅርታ ስላደረጉላቸው ከሥልጣን ባስለቀቃቸው በዋተርጌት ቅሌት ፍርድ ቤት ቆመው አልተጠየቁም። ስለዚህ ያ ወንበር ለሕዝቡ የቀረ ብቸኛ ችሎት ይመስል ነበር።

ቀረጻው በ12 ቀናት ተከፋፍሎ ከ28 ሰዓት በላይ ፈጀ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኒክሰን ረጃጅም ትዝታ እያወሩ ሰዓቱን በሉት። ሚዛኑን የለወጠው የፍሮስት ቁጣ አልነበረም፤ ወረቀት ነው። ከቡድኑ አጥኚዎች አንዱ የነበረው ጄምስ ሬስተን፣ ኒክሰን ከረዳታቸው ከቻርልስ ኮልሰን ጋር ያደረጉትን ንግግር ግልባጭ ከፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ፈልጎ አግኝቶ ነበር። ያ ንግግር በሕዝብ ዘንድ አልታወቀም ነበር። ፍሮስት ቀኑንና የተባለውን እየጠቀሰ ሲያነብ ኒክሰን የተዘጋጁበት መልስ አልሠራ አለ። በኋላም ኒክሰን «ስህተት» በሚለው ቃል ላይ ሙጭጭ ሲሉ ፍሮስት የያዘውን ሰሌዳ ወደ ጎን ጥሎ ሕዝቡ ሊሰማ የሚጠብቃቸውን ሦስት ነገሮች ዘረዘረ፤ ከስህተት ያለፈ ጥፋት መፈጸሙን፣ በሥልጣን አላግባብ መሠራቱን፣ ሕዝቡም ለሁለት ዓመት ያለ ምክንያት መንገላታቱን። ኒክሰን ሕዝቡን እንዳሳዘኑ የተናገሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሰሌዳ የመጣሉን ትዕይንት ብዙ ሰው ያስታውሰዋል። ነገር ግን ያን ሰሌዳ መጣል የሚችለው የተጻፈበትን በቃሉ የያዘ ሰው ነው። ያልተዘጋጀ ጠያቂ ወረቀቱን ከጣለ ባዶ እጁን ይቀራል።

የእኛ አገር ጠያቂ የሚዘጋጅበት ሰነድ የለውም ማለት አይቻልም። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ያቀርባል። መሥሪያ ቤቶች ዕቅድና የአፈጻጸም ሪፖርት ያወጣሉ። ባለሥልጣናት ባለፈው ዓመት በዚያው ጣቢያ የተናገሩት ድምፅ በማኅደር አለ። ከሦስቱ የተወሰዱ ሦስት ቀኖችና ሁለት አኃዞች በአንድ ገጽ ላይ በጊዜ ቅደም ተከተል ቢሰፍሩ ከሠላሳ ጥያቄ ይበልጣሉ። «ባለፈው ዓመት በመስከረም ፕሮጀክቱ 80 በመቶ ደርሷል ብለው ነበር፤ ዘንድሮ የወጣው ሪፖርትም 80 በመቶ ይላል። በዓመቱ ውስጥ ምን ተሠራ?» ብሎ በረጋ ድምፅ የሚጠይቅ ሰው መጮህ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በመፈክር መመለስ አይቻልም።

የሰው ምርጫም ከዝግጅት ይቆጠራል። ውሳኔውን የፈረመው ሰው እያለ ውሳኔውን በደብዳቤ የሰማውን የኮሙኒኬሽን ባለሙያ አስቀምጦ «ለምን?» ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ባለሙያው የተሰጠውን ከማንበብ ሌላ ሊያደርግ የሚችለው የለም። በር የሚጠብቀው ዘብ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው ሠራተኛ፣ ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጣው መሐንዲስ ብዙ ጊዜ ከቃል አቀባዩ የበለጠ ያውቃሉ። እነሱን አስቀድሞ ያነጋገረ ጋዜጠኛ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚጠይቅ ለይቶ ያውቃል።

ሦስት ራስ ያለው ጥያቄ

በጋዜጣዊ መግለጫ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ይህን ዓይነት ጥያቄ ሳይሰማ አይወጣም፦ «እንደሚታወቀው የከተማችን የውኃ ችግር ሥር የሰደደ ነው፤ በእርግጥ እናንተም ብዙ ጥረት እያደረጋችሁ እንደሆነ ይታወቃል፤ ሆኖም ኅብረተሰቡ ቅሬታ ያነሳል። ይህን እንዴት ያዩታል? በቀጣይስ ምን አስባችኋል? ከባለድርሻ አካላት ጋር ያላችሁ ቅንጅትስ ምን ይመስላል?»

ኃላፊው ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንደሚመርጥ ነጋሪ አያሻም፤ ቅንጅቱን ነው። ስለ ቅንጅት አሥር ደቂቃ ይናገራል፣ ውኃው ሳይነሳ ሰዓቱ ያልቃል። ጠያቂው ራሱ «ጥረት እያደረጋችሁ እንደሆነ ይታወቃል» ብሎ ግማሹን መልስ ስለሰጠለት ኃላፊው የቀረውን መሙላት ብቻ ነበረበት።

ያንኑ ጉዳይ ነጣጥለን እንየው። «በዚህ ቀበሌ ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል?» መልሱ ይሰማል። «አምና በዚህ ወቅት ስንት ቀን ይመጣ ነበር?» «ምን ተፈጥሮ ቀነሰ?» «ፓምፑ የተበላሸው መቼ ነው?» «ለጥገናው የተመደበው ገንዘብ አሁን የት ነው ያለው?» አምስቱም ጥያቄዎች ተደምረው ከመጀመሪያው ያጥራሉ። አንዳቸውም አይሳደቡም፣ አንዳቸውም አያሞግሱም። ኃላፊው የማያውቀው ከሆነ «አላውቅም» ይላል፤ አለማወቁም ራሱ ዜና ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ዘርዘር ያለ መልስ የሚፈልግ ሰው «እንዴት?»፣ «ለምን?»፣ «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል። «ተደስተዋል አይደል?» ብሎ የጠየቀ «አዎ፣ በጣም» የሚል መልስ ይዞ ይመለሳል። ይሁን እንጂ አዎ ወይም አይደለም የሚያስብለው ጥያቄ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። የቢቢሲው ጄረሚ ፓክስማን በግንቦት ወር 1997 እ.ኤ.አ. የቀድሞውን የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ማይክል ሃዋርድን፣ የእስር ቤቶች አስተዳደር ኃላፊውን ውሳኔ እሽራለሁ ብለው አስፈራርተው እንደሆነ ደጋግሞ ጠየቃቸው። ያንኑ ጥያቄ 12 ጊዜ ያህል ሳይለውጠው አነሳው፤ ሃዋርድም ያንኑ ያህል ዙሪያውን ዞሩት። ፓክስማን በኋላ እንደተናገረው የሚቀጥለው ዘገባ ገና ስላልደረሰ ሰዓት ለመሙላት ጭምር ነበር። የሆነ ሆኖ ጥያቄው የሠራው ሊታወቅ የሚችል፣ ሁለት መልስ ብቻ ያለው፣ ጠባብ ነገር ስለነበረ ነው። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ የተነሱ አስመሳዮች የወሰዱት ግን መደጋገሙን ብቻ ነው። «ሕዝቡን አልበደላችሁም ወይ?» የሚለውን 12 ጊዜ ቢደጋግሙት 12 «በፍጹም» ያስገኛል እንጂ ሌላ ፋይዳ የለውም።

የጥያቄ ቃል አመራረጥ ትውስታን እስከ መለወጥ ይደርሳል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጡት ጥናት ተማሪዎችን የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩና ስለ ፍጥነቱ ጠየቋቸው። ለአንዳንዶቹ ጥያቄው «መኪኖቹ ሲነካኩ» ተብሎ፣ ለሌሎቹ ደግሞ እጅግ በከረረ ቃል፣ ድቅቅ ብለው እንደተላተሙ ተደርጎ ቀረበ። የተመለከቱት ፊልም ተመሳሳይ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፍጥነቱን በአማካይ በሰዓት 32 ማይል ገደማ ሲገምቱ፣ ከረር ያለውን ቃል የሰሙት 41 ማይል ገደማ ገመቱት። በሌላ ዙርም ከሳምንት በኋላ፣ ፊልሙ ውስጥ ያልነበረ የተሰበረ መስታወት አይተናል ያሉት በብዛት ከረር ያለውን ቃል የሰሙት ናቸው። አደጋ በደረሰበት ቦታ ማይክሮፎን ይዞ «እሳቱ በአሰቃቂ ሁኔታ ሲቀጣጠል ምን አዩ?» የሚል ዘጋቢ የእማኙን ዓይን በራሱ ቅጽል እየሸፈነ ነው። «ምን አዩ?» ይበቃዋል።

ዝም ማለትም ይጠይቃል

የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሊንደን ጆንሰንን የሕይወት ታሪክ በመጻፍ ዕድሜውን የፈጀው አሜሪካዊው ሮበርት ካሮ በቃለ መጠይቅ ጊዜ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ ለራሱ ብቻ «ዝም በል» የሚል ምልክት በአሕጽሮት እየጻፈ እንደሚቀመጥ ተርኳል። ዝምታው ሲከብድ ጠያቂ ይጨንቀዋልና መናገር ያምረዋል። ካሮ ራሱን የሚገታው እንግዳው ያንን ዝምታ እንዲሞላው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በ10 የተለያዩ ቋንቋዎች የሚደረግ ጨዋታን ለክቶ ከጥያቄ እስከ መልስ ያለው ክፍተት በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ለሦስት ሰከንድ ዝም ማለት እንዴት እንደሚያስጨንቅ ከዚህ ይገባል። ብዙ ጠያቂዎች እንግዳው ትንፋሽ ሲወስድ «እሺ፣ ወደ ሌላው ጥያቄ እንለፍ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዳው ግን ብዙ ጊዜ ዋናውን ነገር የሚናገረው ከዚያ ትንፋሽ በኋላ ነው።

ካሮ የፕሬዚዳንቱን ታናሽ ወንድም ሳም ሂውስተን ጆንሰንን በጠየቀ ጊዜ ያደረገው የዚህ ሙያ ከፍተኛ ምሳሌ ነው። ወንድምየው የቤተሰቡን ታሪክ አሳምሮ፣ አጋኖ ይነግረው ነበርና ካሮ አላመነውም። በኋላ ግን ሰውየው መጠጡን ትቶ ረጋ ብሎ አገኘውና ሁለቱ ወንድማማቾች ወዳደጉበት፣ አሁን ለጎብኚ ክፍት ወደሆነው የቴክሳስ ቤት ይዞት ሄደ። በራት ጠረጴዛው ላይ በልጅነቱ ይቀመጥበት በነበረው ቦታ አስቀመጠው። እሱ ራሱ ከጀርባው፣ ከዓይኑ ውጭ ሆነና በራት ሰዓት አባትየውና ሊንደን እንዴት ይከራከሩ እንደነበር እንዲነግረው ጠየቀው። ሳም ሂውስተን እያመነታ ጀመረ፤ ቆይቶ የልጅነቱን ክርክር ድምፁን እየለዋወጠ ያሰማ ጀመር። ካሮ በዚያን ጊዜ ቀድሞ የነገረውን አስደናቂ ታሪክ ሁሉ በዝርዝር እንዲደግምለት ጠየቀው። ሰውየው አልችልም አለ። ለምን ሲባል፣ እነዚያ ነገሮች ጨርሶ ስላልተፈጸሙ ነው አለ። ከዚያ በኋላ የነገረው የጆንሰን የወጣትነት ታሪክ ሲነገር ከኖረው የተለየ ነበር።

ካሮ በዚያ ቤት ማንንም አላፋጠጠም። ቦታውን መረጠ፣ ጊዜ ሰጠ፣ ራሱንም ከፊት አራቀ። እኛም ለዚህ ትዕግሥት እንግዳ አይደለንም። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የምታሰማው ጨዋታ የአንድን ሰው ሕይወት ለበርካታ ሳምንታት በተከታታይ ሲያወራ የሚያዳምጠው አልጠፋም። አድማጭ ረጅም ነገር አይሰማም የሚለውን ሰበብ የሚያፈርሰው ይኸው ነው። አድማጭ የሚሰለቸው ርዝመቱን ሳይሆን ባዶነቱን ነው።

ማዳመጥ ማለት ደግሞ እየነቀነቁ መቀመጥ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የቢቢሲዋ ኤሚሊ ሜትሊስ ልዑል አንድሩን በቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት ስትጠይቅ፣ በሴት ልጆች ላይ በፈጸመው ወንጀል የተፈረደበትን የጄፍሪ ኤፕስቲንን ምግባር ልዑሉ «የማይመጥን» በሚመስል ለስላሳ ቃል አለፉት። ሜትሊስ ቃሉን ይዛ በአጭሩ፣ ሰውየው የወሲብ ወንጀለኛ እንደነበር አስታወሰቻቸው። ልዑሉ በጨዋነት መናገራቸው እንደሆነ ገልጸው ይቅርታ ጠየቁ። ድምፅ አልተነሳም፣ ጣት አልተቀሰረም። ያን ማረም የምትችለው የሚቀጥለውን ጥያቄ ከወረቀት ላይ እየፈለገች ያልነበረች ሰው ብቻ ናት። ልዑሉ ቃለ መጠይቁ በተላለፈ በአራተኛው ቀን ከሕዝባዊ ኃላፊነታቸው ገለል ማለታቸውን አስታወቁ።

ከዳጉ የምንማረው

በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው ዳጉ የሚሉትን ወሬ ይለዋወጣሉ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ሰላሙና ስለ በሽታው አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። ተጠያቂው ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይገልጻል። ዳጉ የሰጠ ሰው በኃላፊነት ይያዛል፤ የሐሰት ወሬ ያቀበለ አመኔታውን ያጣል። የዝናብ ወሬ ተሳስቶ ከብቱን ወደ ደረቅ ምድር ለሚነዳ አርብቶ አደር ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕልውና ጉዳይ ነው።

በሚገባ በተደራጀ የዜና ክፍል ውስጥ የሚጠየቀው ጥያቄም ያው ነው፦ «ይህን እንዴት አወቁ? እዚያው ነበሩ? ማን ነገረዎት? ሌላስ ማን አየ?» በእኛ ቃለ መጠይቆች በብዛት የሚጎድለው ግን ይኸው ነው። እንግዳው «በወቅቱ ብዙ ሺሕ ሰው ተፈናቅሏል» ይላል፣ ጠያቂው «በጣም ያሳዝናል» ብሎ ያልፋል። አኃዙን ማን ቆጠረው? በየትኛው ቀበሌ? እንግዳው ከወንበሩ ሲነሳ ያልተጣራው አኃዝ በጋዜጠኛው ስም ወደ ሕዝብ ይወጣል። «እንዴት አወቁ?» ማለት እንግዳውን ውሸታም ማለት እንዳልሆነ የአፋር እረኛ ያውቀዋል።

አክብሮትና ድፍረት

አንዳንድ ጠያቂዎቻችን ለልስላሴያቸው የሚሰጡት ምክንያት ባህል ነው። ታላቅን ማፋጠጥ ነውር ነው ይላሉ። አከባበራችን ግን በእርግጥ ለዕድሜ ይሁን ለሥልጣን ያጠያይቃል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላውን ሹም «ክቡርነትዎ» የሚል ዘጋቢ፣ ከስቱዲዮው ወጥቶ ጉልት ላይ የተቀመጡትን የእናቱን እኩያ «አንቺ ስንት ትሸጫለሽ?» ሲል ይሰማል። አክብሮት ከሆነ ለሁለቱም ይሁን። «እርስዎ» ብሎ ከባድ ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል፤ «አንተ» ብሎ ማሽቃበጥም እንደሚቻል በየቀኑ እያየን ነው።

ማፋጠጥ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ለማየት ጣሊያናዊቷን ጋዜጠኛ ኦሪያና ፋላቺን መውሰድ ይጠቅማል። ፋላቺ እ.ኤ.አ. በ1972 አዲስ አበባ መጥታ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ጠይቃለች። ስለ ድሆቹ፣ ስለ 1953ቱ የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ፣ በመጨረሻም ስለ ሞት አነሳች። ንጉሠ ነገሥቱ ስለ ሙከራው መናገር አልፈለጉም፤ ሞት ሲነሳም ተቆጥተው እንዳሰናበቷት ጽፋለች። ጥያቄዎቹ በዚያን ጊዜ ማንም ኢትዮጵያዊ ጋዜጠኛ በአደባባይ ሊያነሳቸው የማይችላቸው ነበሩ፤ ድፍረቷን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ስለ ታኅሣሡ ሙከራ ከቤተ መንግሥቱ በኩል የተጨመረ ነገር አላገኘንም። ሆድ ይፍጀው ብለው ዘጉት።

በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ፋላቺ የፕሬዚዳንት ኒክሰንን አማካሪ ሄንሪ ኪሲንጀርን አነጋገረች። እዚያ የሠራው ጥያቄ ከክስ የራቀ ነበር። ከፕሬዚዳንቱ ይልቅ ዝነኛ እስከመሆን የደረሱት በምን ምክንያት ይመስልዎታል አለቻቸው። ኪሲንጀር ነገሩ ሁልጊዜ ብቻቸውን በመሥራታቸው እንደሆነ ተናግረው ራሳቸውን በፈረስ ብቻውን ከፊት ከሚጋልብ የአሜሪካ ምዕራብ ካውቦይ ጋር አመሳሰሉ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይህን ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። ኪሲንጀር በማስታወሻ መጽሐፋቸው ያን ውይይት ከጋዜጠኛ ጋር ካደረጉት ሁሉ የከፋ ጥፋት ያስከተለ ብለውታል። ጠያቂዋ ያችው አንድ ሴት፣ ዓመቱም ያው። አንደኛው እንግዳ ሲከሰስ በሩን ዘጋ፤ ሁለተኛው ስለ ራሱ እንዲያስብ ሲጋበዝ ማንም ከሳሽ ሊያወጣው የማይችለውን ተናገረ። የኪሲንጀሩ ጥያቄ ሙገሳም አይደለም፤ «ለምን ይመስልዎታል?» የሚል ጫፍ ነበረውና። ሰውየው ስለ ራሱ ያለውን ግምት በራሱ ቃል እንዲያስረዳ የሚያስገድደው ያ ጫፍ ነው።

ጥያቄ የሚከብዳቸው ሰዎች

እስከ አሁን ያልነው ሥልጣን ላለው ሰው ነው። ልጁ የሞተበትን አባት፣ የተደፈረች ሴትን፣ ከፈረሰ ቤት ሥር የወጣን ሕፃን በዚያው ሚዛን መጠየቅ አይቻልም። ባለሥልጣን መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ተጎጂ ግን የለበትም። ለቅሶ ቤት ውስጥ «አሁን ምን ይሰማዎታል?» ማለት ጥያቄም አይደለም፤ ካሜራው እንባ ፈልጎ ነው። ይልቅ «ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» የተባለ አባት የሚለው አለው፤ ካልፈለገም ዝም ለማለት መብት አለው። የት እንደሚታተም፣ ስሙ እንደሚጠቀስ ወይም እንደማይጠቀስ፣ ፊቱ እንደሚታይ ወይም እንደማይታይ ከመቅረጹ በፊት ሊነገረው ይገባል። «እሺ» ያለ ሰው በኋላ ሃሳቡን ቢለውጥ፣ በተለይ ለአደጋ የሚያጋልጠው ከሆነ፣ መስማት ያስፈልጋል። ለጋዜጠኛው የአንድ ቀን ዘገባ ለተናጋሪው ከጎረቤት ጋር የሚኖርበት ዕድሜ ነው።

እንግዳን ወደ ወንበሩ ያመጣንበት መንገድም የቃለ መጠይቁ አካል ነው። የቢቢሲው ማርቲን ባሺር በኅዳር 1995 እ.ኤ.አ. ልዕልት ዳያናን ሲጠይቅ ቃለ መጠይቁ የዘመኑ ትልቅ ክንውን ተባለ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በቀድሞው ዳኛ በጆን ዳይሰን የተመራው ምርመራ ባሺር የልዕልቲቱን ወንድም አመኔታ ለማግኘት የሐሰት የባንክ ሰነድ መጠቀሙን አረጋገጠ። ቢቢሲም ይቅርታ ጠየቀ። በተንኮል የተገኘ እውነተኛ ቃል እንኳ ዓመታት ቆይቶ ጠያቂውን ያሳጣል፤ የሚቀጥለው እንግዳም የጋዜጠኛን እጅ ከመጨበጡ በፊት ያመነታል።

የአዘጋጁ ድርሻ

ይህን ሁሉ ለጠያቂው ብቻ ማሸከም ፍትሐዊ አይሆንም። ጠዋት ተመድቦ ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮ የሚገባ ዘጋቢ የኦዲት ሪፖርት የሚያነብበት ጊዜ የለውም። መሥሪያ ቤቶች «ጥያቄዎቹን አስቀድማችሁ በደብዳቤ ላኩ» ይላሉ፤ ሲላክላቸው ጥያቄዎቹን መርጠው፣ ከባዱን አስወጥተው ይመልሳሉ። ይህም የሚሆነው የመገናኛ ብዙኃን ነፃነትና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የመጠየቅ መብትን ከደነገገ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ርዕሰ ጉዳዩን ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ እንግዳው ሰነዱን ይዞ እንዲመጣ ይረዳዋል። ጥያቄዎቹን ቃል በቃል አስረክቦ መሄድ ግን ቃለ መጠይቁን ለእንግዳው ጽሕፈት ቤት መስጠት ነው። እንግዳው ወይም ድርጅቱ የአየር ሰዓቱን ከፍሎ የቀረበበት ፕሮግራም ከሆነም ማስታወቂያ መሆኑ በግልጽ ይነገር፤ አድማጭ ጋዜጠኝነትና ማስታወቂያ ሲደባለቁበት ሁለቱንም ማመን ያቆማል።

አዘጋጆች ዛሬውኑ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ፤ ገንዘብም አይጠይቅም። የተላለፈ ቃለ መጠይቅ ይገልበጥና ሁለት ነገር ይታይበት። አንደኛ፣ ጠያቂው ከጠቅላላው ቃል ስንቱን ወሰደ? ሲሦውን ካለፈ የተጠየቀው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከቃለ መጠይቁ በፊት ያልታወቀ፣ አሁን በእንግዳው ቃል የተመዘገበ ነገር ስንት ነው? አንድም ካልተገኘ፣ የሚቀጥለው ሳምንት እንግዳ ከመጠራቱ በፊት ዘጋቢው ለንባብ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን ይሰጠው።